ከፈረስ ጀርባ ወደ አራት ክር

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የዶርማችን ልጅ ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን ዕቃ ይዞ መጣ። ስናየው የጊታር ልጅ ይመስላል። ዩኩሌሌ ይባላል። አራት ክር ብቻ ነው ያለው፤ በክር ብዛት ከክራር እንኳ ያንሳል። ልጁ ለራሱ ብዙም ስላልፈለገው አልጋው ሥር አስቀመጠው፤ እኔ ደግሞ ነገር ሲያምረኝ ዝም ማለት አልችልምና አስፈቅጄ ወሰድኩት።

መጀመሪያው ማር ነው። ክሮቹ ከላይ ወደ ታች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። የመጨረሻውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ብቻ ስትይዙት ዶ ሜጀር ኮርድ ይሆናል። በቃ! አንድ ጣት፣ አንድ ኮርድ። ያን ቀን ሙዚቀኛ የሆንኩ መሰለኝ። ኤፍ የሚባለው ሁለት ጣት ነው፤ እሱም ቻል ያደርጋል። ጂ ሰቨን ግን ሦስት ጣት በሦስት ማዕዘን ካልቆመ አይሆንም፤ ጣቶቼን ፈልጌ እስካስቀምጥ ዘፈኑ ጥሎኝ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲቱን ቦታ ስደጋግማት የክፍላችን ልጆች ትራስ መወርወር ጀመሩ። ይባስ ብሎ ሙዚቃ አውቃለሁ የሚል አንድ ልጅ፣ ኖታ ማንበብ ሳልማር መነካካቴ ጊዜ ማባከን እንደሆነ ነገረኝ። ነገሩ ከንክኖኝ ኖታ ሳያውቅ በዚህ ዕቃ እንጀራ የበላ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ መፈለግ ያዝኩ። ያገኘሁት ሰው ኖታ ብቻ ሳይሆን ጋዜጣም በቅጡ ማንበብ የማይችል ነበር። እስቲ ላስተዋውቃችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅ ፎርምቢ ሜይ 26 ቀን 1904 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንካሻየር ውስጥ ዊጋን በተባለች የከሰል ማዕድንና የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። የመዝገብ ስሙ ጆርጅ ሆይ ቡዝ ነው። ሆይ የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው እንጂ እኛ ሰው ስንጠራ የምንለው አይደለም። ሲወለድ ዓይኑ በስስ ሽፋን ተጋርዶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት አላየም። በጀልባ ወደ ሊቨርፑል ሲሻገሩ ክፉኛ ሳል ይዞት ሽፋኑ ተገፎ ማየት ጀመረ ይባላል። የቤተሰቡ ታሪክ እንዲህ ነው የሚለው፤ እኔም እንደሰማሁት አስተላልፌዋለሁ።

አባቱም በመድረክ ስሙ ጆርጅ ፎርምቢ ነበር። በዚያን ዘመን ሚውዚክ ሆል በሚባሉት የሕዝብ መዝናኛ አዳራሾች ዝነኛ ኮሜዲያን ነው። ሰውየው የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት፤ መድረክ ላይ ሳሉ ሲነሳበት እሱኑ ቀልድ አድርጎ ሕዝቡን ያስቅበት ነበር። ሕዝቡ እየሳቀ ሰውየው እየሞተ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ አባት ልጁ ወደ መድረክ እንዳይቀርብ ይከለክል ነበር፤ አባቱ ሲሠራ ገብቶ ማየት እንኳ አይፈቀድለትም። በምትኩ በ7 ዓመቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ የፈረስ ጋላቢነት እንዲማር ወደ ጋጣ ላከው። ጆርጅ ማንበብና መጻፍ በወጉ ሳይማር የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በ10 ዓመቱ ውድድር ጋለበ፤ ክብደቱ 25 ኪሎ ግድም ነበር። በ1915 ደግሞ በፈረስ ውድድር ላይ የተመሠረተ አንድ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ተጫወተ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ውድድር ሲያስተጓጉል ወደ አየርላንድ ተልኮ እዚያ ቀጠለ። ግልቢያው ግን ይህ ነው የሚባል ድል አላስገኘለትም።

በፌብሩዋሪ 1921 አባትየው ሞተ። ጆርጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ከፈረስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። የአባቱ ሞት ሳይበርድ ሌላ ኮሜዲያን የአባትየውን ዘፈንና ቀልድ ወስዶ ሲሠራበት አዩ። እናትየው ሌላ ሰው የሚበላበትን የገዛ ልጁ ለምን አይበላበትም ብላ ልጇን ገፋችው። እናም አባቱ በሞተ በስድስተኛው ሳምንት፣ ማርች 21 ቀን 1921፣ ኧርልስታውን በተባለች ከተማ ሂፖድሮም ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ። የአባቱን ልብስ ለብሶ፣ የአባቱን ዘፈን እየዘፈነ፣ የአባቱን ቀልድ እየቀለደ። ስሙን ግን ጆርጅ ሆይ ነበር ያለው፤ ፎርምቢ የሚለውን ለመጠቀም ገና አልደፈረም። ገላጋይ እንደሌለው ጀማሪ ብዙ ቦታ ተጮኸበት። አስቡት፤ አባቱ ሲሠራ አይቶ አያውቅም፣ ግን አባቱን እንዲመስል ነው የሚጠበቅበት። ከሸክላ ቅጂዎችና ከእናቱ ትዝታ ነበር የሚያጠናው።

ሁለት ነገሮች በ1923 መጡለት፤ አንዷ ሴት ናት፣ ሌላው ዕቃ።

ከዕቃው ልጀምር። አብሮት የሚሠራ አንድ የመድረክ ሰው ባንጆሌሌ የሚባል መሣሪያ ነበረውና በ50 ሽልንግ፣ ማለትም በሁለት ፓውንድ ተኩል ሸጠለት። ባንጆሌሌ የዩኩሌሌ አንገትና አራት ክር፣ የባንጆ ሆድ ያለው ዲቃላ ነው። ዩኩሌሌ ራሱም ቢሆን ዲቃላ ነው። በ1879 ሬቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቹጋሏ ማዴይራ ደሴት በርካታ ሠራተኞችን ጭና ሃዋይ ስትደርስ ከነሱ መካከል ሦስት አናጢዎች ነበሩ፤ የአገራቸውን ትንሽ ጊታር እዚያ መሥራት ጀመሩ፣ የሃዋይ ሰዎችም የራሳቸው አድርገው ዩኩሌሌ አሉት። ባንጆሌሌው ላይ ግን እንጨቱ ተነሥቶ በቦታው እንደ ከበሮ የተወጠረ ቆዳ አለ። የኛን ክራርና ማሲንቆ ሆድ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቆዳ ስለሆነ ድምፁ ይጮኻል፤ ማይክሮፎን በሌለበት አዳራሽ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ለዚያ ዘመን ኮሜዲያን ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ጆርጅ ጥቂት ኮርድ ለቃቅሞ እንደያዘ ባርንስሊ ከተማ አልሃምብራ ቲያትር ውስጥ ጓደኞቹ ይህን ይዘህ መድረክ ላይ አትወጣም ብለው ተወራረዱት። ወጣ። ሕዝቡ ለአባቱ ቀልዶች ሰጥቶት የማያውቀውን ጭብጨባ ሰጠው። ከውርርዱ ገንዘብ ይልቅ እሱ ነው ሕይወቱን የቀየረው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። እኔ ሦስት ኮርድ ይዤ ዶርም ውስጥ አፍሬያለሁ፤ እሱ ያንኑ ይዞ ሕዝብ ፊት ቆመ።

አሁን ወደ ሴትየዋ። ቤሪል ኢንገም የአክሪንግተን ልጅ ናት፤ በእንጨት ጫማ የሚጨፈረው የላንካሻየር ጭፈራ ተወዳዳሪና ባለሙያ፣ ከእህቷ ጋር ሆና የራሷ ትርኢት ያላት። መጀመሪያ ስታየው ሥራውን አልወደደችለትም። ሆኖም በሴፕቴምበር 1924 ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ጆርጅ ፎርምቢ በአብዛኛው የቤሪል ሥራ ነው ብል አጋነንክ እንዳትሉኝ። የአባቱን ቡትቶ ልብስ አስጥላ ጥሩ ሱፍ አለበሰችው። ባንጆሌሌውን የትርኢቱ ዋና ነገር አደረገችው። የራሷን ጭፈራ ትታ ማናጀሩ ሆነች፤ ውሉን የምትፈራረመው እሷ፣ ሂሳቡን የምትይዘው እሷ፣ ከፊልም ሰዎች ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ። ማንበብ ለማይችል ሰው ውል የሚያነብለት ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ስለ አጨዋወቱ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ያስጀመረኝ እሱ ነው። ግራ እጁን ብትመለከቱ ብዙ ነገር የለም። ኖታ ማንበብ አይችልም፤ የሚይዛቸው የኮርድ ቅርጾች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ታዲያ ዘፈኑ በሌላ ቁልፍ ሲሆንስ? መላው ቀላል ነው፤ በተለያየ ቅኝት የተቃኙ በርካታ ባንጆሌሌዎች አጠገቡ ይደረደሩለታል፣ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሳል። ጣቱ የሚያውቀውን ያንኑ ቅርጽ ይይዛል፣ ድምፁ ግን በሌላ ቁልፍ ይወጣል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ኖታ ተማር ያለኝ ልጅ ማጭበርበር ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ብልሃት ነው ያየሁት።

ጉዱ ያለው ቀኝ እጁ ላይ ነው። ስፕሊት ስትሮክ የሚባል አመታት ነበረው። እጅ ወደ ታች ሲወርድ አራቱንም ክር ይመታል፤ ሲመለስ የታችኛውን ክር ብቻ፣ እንደገና ሲወርድ የላይኛውን ብቻ ይነካል። ይህ ሲፈጥን ምቱ ተሰንጥቆ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። በፊልም ስታዩት ፊቱ በትልልቅ ጥርሶቹ እየሳቀ ነው፤ ቀኝ እጁ የት እንዳለ ግን ዓይን አይዘውም። ዛሬም ይህን አመታት በትክክል ለማውጣት ዓመታት የሚደክሙ አሉ። እኔ ቀስ ብዬ ሞክሬው የእጄ አንጓ እንደ እንጨት ደረቀብኝ። የሰውየው ግን የተለቀቀ ነው፤ አንዳንዶች ልጓም ይዞ ካደገ ሰው የመጣ ልስላሴ ነው ይላሉ፤ ማረጋገጫ የለኝም፣ ሐሳቡ ግን ይጥመኛል።

በ1926 ሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ፤ በ1932 ስለ አንድ ቻይናዊ ልብስ አጣቢ የተዘፈነችው ዘፈን ተወደደችለት (ዘፈኗ በዛሬ ዓይን ስትታይ በቻይናውያን ላይ ታላግጣለች፤ ይህም መባል አለበት)። በ1934 የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልሙ ለንደን ውስጥ ከጋራዥ በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ በጥቂት ቀናትና በጥቂት ገንዘብ ተሠራ። የለንደን ሰዎች አፍንጫቸውን ነፉበት፤ ሰሜኖቹ ግን ተሰልፈው አዩት። በ1935 የማን ደሴትን የሞተር ብስክሌት ውድድር የያዘው ኖ ሊሚት ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። እስከ 1946 ድረስ በ20 ፊልሞች ላይ መሪ ተዋናይ ሆነ፤ ከአገሪቱ ከፍተኛ ተከፋዮች አንዱ ነበር። ታሪኮቹ ሁሉ ያው ናቸው፤ የዋህ ሞኛሞኝ ልጅ ችግር ውስጥ ይገባል፣ ባንጆሌሌውን ይጫወታል፣ ቆንጆዋን ያገኛል። በ1939 በወጣው ካም ኦን ጆርጅ ላይ ደግሞ ማንም የማይደፍረውን ፈረስ የሚጋልብ ሰው ሆኖ ተጫወተ። በልጅነቱ በእውነተኛው ሜዳ ያላገኘውን ድል በፊልም አገኘው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጥመው የ1936ቱ ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ስለ አንድ መስኮት አጽጂ የሚያወራ ዘፈን አወጣ፤ ሰውየው መስታወት ሲወለውል በቤቱ ውስጥ የሚያየውን በፈገግታ ይዘረዝራል። ቢቢሲ ግጥሙ ጨዋነት ይጎድለዋል ብሎ ከአየር ከለከለው። በጊዜው የጣቢያው ኃላፊ ጆን ሪዝ ነበሩ፤ እኛ በኮርሳችን የሕዝብ አገልግሎት ብሮድካስቲንግ አባት ተብለው የምናጠናቸው እኚሁ ሰው። ሬዲዮው ቢዘጋበትም ዘፈኑ በሲኒማና በሸክላ አገር ምድሩን አዳረሰው፤ ያልተፈቀደ ነገር ይበልጥ ያጓጓል። አሳንሱር ላይ ወረቀት ስትጽፉ ይህን ምሳሌ ብታስገቡት አይከፋም። እኔ በበኩሌ ሪዝን ሙሉ በሙሉ መኮነን ይከብደኛል፤ መስኮት ውስጥ አጮልቆ ማየት እኮ ለሚታየው ሰው ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወታደሮችን የሚያዝናናው ኤንሳ የሚባለው ድርጅት ውስጥ ገባ። በ1940 ፈረንሳይ፣ በ1943 ሰሜን አፍሪካ፣ ሲሲሊና ማልታ፣ በ1944 ከኖርማንዲው ማረፍ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ኖርማንዲ ነበር። በጠቅላላው 3 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች እንዳዩት ይገመታል። ግንባር አካባቢ ሰው መሰብሰብ አደገኛ ስለሆነ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ ለጥቂት ጥቂት ወታደሮች ይጫወት ነበር። ትንሽ ዕቃ መያዙ የጠቀመው ያኔ ነው፤ ፒያኖ ይዞ ጉድጓድ አይገባም። ቤሪልም አብራው ነበረች። በ1946 ኦቢኢ የተባለውን ኒሻን ተሸለመ።

በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። አፓርታይድ በሕግ ከመታወጁ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ መለያየቱ ግን ቀድሞ ነበር። ባልና ሚስቱ ለነጮች ብቻ ተብሎ በተከለለው አዳራሽ ተወስነን አንቀርም ብለው ለጥቁሮችም ሄደው ተጫወቱ። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ጥቁር ልጅ ለቤሪል ቸኮሌት አበረከተች፤ ቤሪል አቀፈቻት፣ ጆርጅም እንዲሁ። ይህ ያስቆጣው ዳንኤል ማላን ስልክ ደወለ። ማላን በ1948 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አፓርታይድን የዘረጋው ሰው ነው። ቤሪል ስልኩን ይዛ እዚህ ቡለቲን ላይ ልጽፈው በማልችለው ቃል ሸኘችው። ከአገሩ እንዲወጡ ተደረገ። የጆርጅን ሕይወት ስጽፍ በጣም ያኮራኝ ታሪክ ይሄ ሆኖ ሳለ ዋናዋ ባለታሪክ ቤሪል መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ፊልሙ ቆመ። በ1951 ለንደን ውስጥ ዚፕ ጎዝ ኤ ሚሊዮን የተባለ የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ ይዞ ተመለሰና ትልቅ ስኬት ሆነለት፤ በ1952 ግን ልቡ ታመመና አቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቆረጥ ቀጠል ነው።

በዲሴምበር 1960 ቢቢሲ ቴሌቪዥን ለሱ ብቻ አንድ ፕሮግራም ሰጠው። ያ መስኮት አጽጂውን የከለከለው ድርጅት ማለት ነው። ጆርጅ በዚያ ምሽት ዘፈን ብቻ አላቀረበም፤ ማንበብና መጻፍ እንደማይችል፣ ሙዚቃም ማንበብ እንደማያውቅ፣ ልጅ አለመውለዱም እንደሚቆጨው ለአገሩ ሕዝብ ተናገረ። 56 ዓመቱ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ዝነኛ ሆኖ የደበቀው ነገር ነው። ፎቶና ፊልሞቹ ውስጥ ያለው ሳቂታ ፊት ከዚያ ወዲህ ለኔ ሌላ ሆኖብኛል።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በገና ዋዜማ፣ ቤሪል በደም ካንሰር ሞተች። ሁለት ወር ሳይሞላ ጆርጅ ፓት ሃውሰን የምትባል አስተማሪ ሊያገባ መሆኑን አሳወቀ፤ ጋዜጦቹም በሉበት። ሠርጉ ግን አልደረሰም። ማርች 6 ቀን 1961 በልብ ድካም ሞተ። ዋሪንግተን መቃብር ውስጥ ከአባቱ አጠገብ ሲቀበር በመንገዱ ግራና ቀኝ 150,000 ያህል ሰው ቆሞ እንደሸኘው ተገምቷል። ቀጥሎ ቤተሰቡና እጮኛው በኑዛዜው ላይ ፍርድ ቤት ተካሰሱ።

ከሞቱ ወዲህ ስለ ቤሪል የተጻፈው አብዛኛው ክፉ ነው። የኪስ ገንዘብ በሳንቲም ትሰፍርለት ነበር፣ ከተዋናዮች ጋር እንዳይቀራረብ ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር ይባላል። የፊልም ባልደረቦቹ የመሰከሩት ነገር ስላለ ሙሉ ለሙሉ ውሸት ነው ማለት አልችልም። ግን አንድ ነገር አለ፤ ታሪኩ በብዛት የወጣው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ሁለቱንም ወገን አናግሩ እየተባልን ነው የምንማረው። እሷን ማናገር አይቻልም። ያለ እሷ ያ ልጅ ጥቂት ኮርዶቹን ይዞ የት ይደርስ እንደነበር የጠየቀ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ አላገኘሁም።

በሞተበት በ1961 አድናቂዎቹ ማኅበር መሠረቱ፤ ብላክፑል በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰንም ከአባላቱ አንዱ ነበር፤ በ1991 እዚያ ተገኝቶ ተጫውቷል። በስብሰባው ላይ ባንጆሌሌና ዩኩሌሌ የያዘ ሁሉ በአንድ ላይ መድረክ ላይ ወጥቶ አንድ ዘፈን የሚመታበት ሰዓት አለ፤ ትናንት የጀመረው ሃያ ዓመት ከተጫወተው ጎን ይቆማል፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የተሳሳተ ጂ ሰቨን ማንም አይሰማም።

እኔ አሁን አራት ኮርድ ደርሻለሁ፤ ኤ ማይነርን ጨምሬያለሁ፣ እሱ አንድ ጣት ነው። ጂ ሰቨን አሁንም ታስቸግረኛለች። የዕቃው ባለቤት ሰኔ ላይ ስለሚመረቅ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ያለኝ።